የድሮ አክሰስ ዳታቤዝ በተኖችን ማደስ፦ መልካቸውን እንጂ ቦታቸውን አትንኩ

ነገሩ የሆነው አንድ ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ዳታቤዙ የዳታቤዝ መሥሪያ ፕሮግራም በሆነው በማይክሮሶፍት አክሰስ 2003 የተሠራ ነበር። (2003 የፈረንጁ ነው፤ በእኛ 1996 ዓ.ም. መሆኑ ነው።) ፎርሙ (መረጃ የሚሞላበት ገጽ) ግራጫ፣ በተኖቹ (የሚጫኑት ቁልፎች) ግራጫ፣ ጠርዛቸው እንደ ብሎኬት ወጣ ያለ። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ) ይመዘግባል፣ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ) ያወጣል፣ ያትማል። ሥራውን አጓድሎ አያውቅም። አዲስ የመጣው ኃላፊ ግን አየውና «ይሄ ነገር ከደርግ ጊዜ ነው እንዴ?» አለ። እኔም «በአንድ ቀን አሳምረዋለሁ» ብዬ ገባሁበት።

አሳመርኩትም። ቀለም ቀየርኩ፣ መጠን አስተካከልኩ፣ ቅደም ተከተሉንም «ለዓይን እንዲያምር» ብዬ አዟዟርኩ። «አጥፋ» የሚለው በተን ድሮ «መዝግብ» የነበረበት ቦታ ላይ አረፈ። በማግስቱ ጠዋት የመጋዘኑ ጋሼ መጡ። ከአሥር ዓመት በላይ ያንን በተን ሲጫኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጽሑፉን አያነቡም፤ እጃቸው ያውቀዋል። ተጫኑት። አክሰስ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅም እንደ ልማዳቸው እሺ አሉት። ሦስተኛው መዝገብ ከጠፋ በኋላ ነው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ምን ሆኗል?» ያሉኝ። ባክአፕ ነበረኝ፤ ባይኖረኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ፊት አይኖረኝም ነበር።

ስለዚህ መመሪያው በአንድ ሕግ ይሄዳል። የበተኑን መልክ እንደልባችሁ ቀይሩ። ቦታውን፣ አክሰስ ውስጥ የሚታወቅበትን ስሙንና አቋራጭ ፊደሉን (ከአልት ጋር የሚጫኑትን) ግን ተዉት።

ፋይሉን ሳትነኩ በፊት

መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት እዩ። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቅጥያ «ኤምዲቢ» ከሆነ ከ2007 በፊት የነበረው ቅርጽ ነው። «ኤሲሲዲቢ» ከሆነ አዲሱ ነው። «ኤምዲኢ» ወይም «ኤሲሲዲኢ» ከሆነ ግን ተቆልፏል፤ ፎርሞቹን በዲዛይን ቪው (ፎርም በሚስተካከልበት ገጽታ) መክፈት አይቻልም። ያኔ ዋናውን ያልተቆለፈ ፋይል መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ዳታቤዙን የሠራው ልጅ ፍላሽ ላይ ነው ያለው፤ ልጁ ደግሞ ሥራ ቀይሯል። ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ዳታቤዙ ለሁለት የተከፈለም ሊሆን ይችላል። ሰንጠረዦቹ ሰርቨር ላይ ባለ አንድ ፋይል፣ ፎርሞቹና ሪፖርቶቹ ደግሞ በየሰው ኮምፒውተር ላይ ባለ ሌላ ፋይል ውስጥ። እንደዚያ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። በተኖቹ ያሉት ፎርሞቹ ያሉበት ፋይል ላይ ስለሆነ ዋናውን ዳታ ሳትነኩ ትሠራላችሁ።

ባክአፕ ያዙ። አንድ ኮፒ እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ቦታ። የኮፒው ስም ላይ ቀኑን ጻፉበት። «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ትክክለኛው» የሚሉ ፋይሎች የሞሉበት ፎልደር ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ።

ወደ አዲሱ የፋይል ቅርጽ መቀየር

ዛሬ በተን ላይ የምናያቸው አማራጮች ማለትም ማውስ ሲጠጋ የሚቀየር ቀለም፣ ሲጫኑት የሚቀየር ቀለም፣ የተጠማዘዘ ጠርዝና ጥላ የመጡት ከአክሰስ 2010 ጋር ነው። ስለዚህ ኤምዲቢውን ወደ ኤሲሲዲቢ ቀይሩት። የተከፈቱ ፎርሞችንና ሰንጠረዦችን ሁሉ ዝጉ። «ፋይል»፣ ከዚያ «ሴቭ አዝ»፣ ከዚያ «ሴቭ ዳታቤዝ አዝ» ውስጥ «አክሰስ ዳታቤዝ» የሚለውን ምረጡ። አክሰስ አዲስ ፋይል ይሠራል፤ የድሮው ባለበት ይቀራል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ፋይሉ የአክሰስ 97 ከሆነ አክሰስ 2013ና ከዚያ ወዲህ የመጡት አይከፍቱትም። አክሰስ 2010 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ያለበት ኮምፒውተር ፈልጋችሁ መጀመሪያ እዚያ ላይ ቀይሩት።

ሁለተኛ፣ የድሮው ዳታቤዝ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል «እገሌ ይህን ፎርም ይክፈት፣ እገሌ አይክፈት» ብሎ የሚለይ ከሆነ ያ አሠራር ኤሲሲዲቢ ላይ የለም። ሬፕሊኬሽንም (የአንድ ዳታቤዝ ቅጂዎችን የሚያመሳስለው አሠራር) እንደዚሁ። ዳታቤዛችሁ በዚህ የሚተዳደር ከሆነ ለበተን ማማር ብላችሁ አትቀይሩት፤ መጀመሪያ ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የትኛው አክሰስ እንደተጫነ እዩ። አንዱ ጥግ አክሰስ 2007 የያዘ ማሽን ካለ ፋይሉን ይከፍታል፤ የምትሠሩትን የማውስ ቀለም ግን እዚያ ላይ አታዩትም።

ከተቀየረ በኋላ ፋይሉ ሲከፈት ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣና አንዳንዱ በተን አልሠራ ይላል። አትደንግጡ፣ ያበላሻችሁት ነገር የለም። «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚለውን ተጫኑ። ለዘለቄታው ፋይሉ ያለበትን ፎልደር አክሰስ ከሚያምናቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት።

አዲስ በተን አትሳሉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። አሮጌውን በተን ያጠፋና አዲስ የሚያምር በተን ይስላል። ሲጫነው ምንም የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሮጌው በተን ሲጫኑት የሚሠራው ኮድ የተያያዘው በበተኑ ስም ነው። በተኑ ሲጠፋ ኮዱ ከኋላ ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ስሙን ብትቀይሩትም ያው ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ብትለጥፉት ደግሞ አክሰስ ለቅጂው ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ያለውን በተን አድሱ። የምትነኩት «ፎርማት» የሚለውን ገጽ ብቻ ነው።

ፎርሙን በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ላይ በማውሱ ቀኝ ተጭናችሁ «ዲዛይን ቪው» በሉት። ኤፍ 4ን ተጫኑ። በቀኝ በኩል ፕሮፐርቲ ሺት (የበተኑ ባሕርያት ዝርዝር) ይከፈታል። አንዱን በተን ምረጡ፤ ከዚያ ሺፍትን ይዛችሁ ሌሎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። አሁን የምትቀይሩት ነገር ለሁሉም ይሆናል።

ሁሉን የሚከፍተው አንድ መስመር

ፕሮፐርቲ ሺት ውስጥ «ፎርማት» ላይ «ዩዝ ቲም» የሚል አለ፤ ቲም ማለት አክሰስ የሚያቀርበው የቀለምና የፎንት ስብስብ ነው። ከድሮ ፋይል የመጡ በተኖች ላይ «ኖ» ሆኖ ነው የምታገኙት። «የስ» አድርጉት።

ይህቺን መስመር የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ይደክማል። «ሆቨር ከለር» (ማውስ ሲጠጋ የሚታየው ቀለም) ላይ ቀለም ይሞላል፤ ፎርሙን ይከፍታል፤ ማውሱን ያስጠጋል፤ ምንም። እንደገና ይሞላል። ምንም። በመጨረሻ «አክሰስ ድሮም» ብሎ ይተወዋል። ቀለሙ ተሞልቷል እኮ፤ «ዩዝ ቲም» «ኖ» እስከሆነ ድረስ አክሰስ የሚስለው ያንኑ የድሮውን ግራጫ ብሎኬት ነው።

«የስ» እንዳላችሁት በተኖቹ ወዲያው ይቀየራሉ። የመጀመሪያው መልክ ደስ ላይላችሁ ይችላል። ችግር የለም፣ ገና ጀመርን።

ቀለም፦ ሦስት ዓይነት በተን ይበቃል

እያንዳንዱን በተን በየራሱ ቀለም ማስጌጥ የሰርግ ቤት ያስመስለዋል። እኔ በሦስት እከፍላቸዋለሁ። ዋናው በተን በአንድ ፎርም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ «መዝግብ»። ተራዎቹ «ፈልግ»፣ «አትም»፣ «ዝጋ» ናቸው። ሦስተኛው አደገኛው ነው፤ «አጥፋ»።

ለዋናው ጥቁር ሰማያዊ እጠቀማለሁ። «ባክ ከለር» ላይ #204060፣ «ሆቨር ከለር» ላይ ትንሽ ፈካ ያለ #305080፣ «ፕረስድ ከለር» ላይ ጠቆር ያለ #102040። ጽሑፉ ነጭ። የጽሑፉ ቀለም ሦስት ቦታ ነው ያለው፦ «ፎር ከለር»፣ «ሆቨር ፎር ከለር»፣ «ፕረስድ ፎር ከለር»። ሦስቱንም ነጭ አድርጉ። አንዱን ከረሳችሁ ማውስ ሲጠጋ ጽሑፉ ይጠቁርና ከሰማያዊው ውስጥ ይሰምጣል።

የ# ምልክቷን አትርሱ። እኔ አንዴ ረስቼ 204060 ብቻ ጻፍኩ። አክሰስ ቁጥሩን እንደ ተራ ቁጥር ቆጠረውና ሌላ ቀለም አወጣበት፤ ቀይ 28፣ አረንጓዴ 29፣ ሰማያዊ 3። ጥቁር ማለት ነው በአጭሩ። ኮምፒውተሩን ሳማ ቆየሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔው ነበር።

ተራዎቹን በጣም ቀላል ግራጫ አድርጓቸው። ከቀለም ዝርዝሩ ላይ «ባክግራውንድ 1፣ ዳርከር 5%» የሚለውን ውሰዱ። ለሆቨር «ዳርከር 15%»። ጽሑፉ #333333። ሙሉ ጥቁር ሳይሆን ለጥቁር የቀረበ ነው፤ ለዓይን ይለሰልሳል።

አደገኛውን ቀይ አታልብሱት። ቀይ ነገር ዓይን ይስባል፤ እኛ ደግሞ ሰው «አጥፋ»ን ቀድሞ እንዲያየው አንፈልግም። ነጭ በተን፣ ጽሑፉና ጠርዙ #992222። ማውስ ሲጠጋ ብቻ ሙሉው #992222 ይሁንና ጽሑፉ ነጭ ይሁን። እጁ ስቶ የመጣ ሰው በተኑ ድንገት ሲቀላ ያያል። ይህ ለጋሼ ቢኖር ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ጽሑፍና ዳራ በደንብ መለያየት አለባቸው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመዘኛዎች ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃሉ። አክሰስ ድረ ገጽ አይደለም፤ ዓይን ግን ያው ዓይን ነው። ሐምሳን ያለፈ ሰው የመጋዘን መብራት ውስጥ ሆኖ ያንብበው። ካነበበው አልፏል።

በቀጥታ በቁጥር የምትጽፉት ቀለምና ከቲሙ የምትወስዱት ቀለም አንድ አይደሉም። ነገ ሌላ ሰው «ቲምስ» ውስጥ ገብቶ ቲሙን ቢቀይር «ባክግራውንድ 1» ያላችሁት አብሮ ይሄዳል፤ #204060 ያላችሁት ግን ካለበት አይነቃነቅም። የመሥሪያ ቤቱ መለያ ቀለም ካላችሁ በቁጥር ጻፉት።

ቅርጽ፣ ጠርዝ፣ መጠን

እዚህ አልቆይም። በ«ፎርማት» ሪባን ላይ «ሼፕ ፊል» ውስጥ ግራዲየንቱን አጥፉ። ከላይ ነጣ፣ ከታች ጠቆር ያለው አንጸባራቂ በተን የ2000ዎቹ መጀመሪያ ፋሽን ነው፤ በእሱ ከቀየራችሁት ከአንድ አሮጌ ወደ ሌላ አሮጌ ተሻገራችሁ ማለት ነው። «ሼፕ ኢፌክትስ» ውስጥ ያሉትን ጥላና ብርሃን እርሷቸው። «ቼንጅ ሼፕ» ውስጥ ጠርዙ የተጠማዘዘ አራት ማዕዘን አለ፤ ያምራል፣ ግን የጥምዙን መጠን በቁጥር መወሰን አይቻልም። በተኖቹ ቁመታቸው የተለያየ ከሆነ ጥምዙም ይለያያል። እኔ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ።

መጠኑን አንድ አድርጉ። ሁሉንም ምረጡና ፕሮፐርቲ ሺት ላይ ቁመቱን 0.9 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱን 3.5 ሴንቲ ሜትር ጻፉ። ከዚያ «አሬንጅ» ውስጥ «አላይን» ብላችሁ በአንድ መስመር አሰልፏቸው። «ሳይዝና ስፔስ» ውስጥ ደግሞ መሐላቸውን እኩል ማድረግ ይቻላል። በተኖቹ በጥቂቱ ቢንሸራተቱ ምንም አይደለም፤ ተራቸው ግን እንዳይዘበራረቅ። ከግራ ሁለተኛ የነበረው ከግራ ሁለተኛ ይሁን።

ከተቻለ «ከርሰር ኦን ሆቨር» የሚለውን «ሃይፐርሊንክ ሃንድ» አድርጉት። ማውሱ በተኑ ላይ ሲደርስ የእጅ ምልክት ይሆናል። ትንሽ ነገር ናት፤ ሰው ሁሉ ግን ከኢንተርኔት ለምዷታል።

በተኑን አሳምራችሁ ፎርሙን እንዳለ ከተዋችሁት አዲስ በር የተገጠመለት አሮጌ አጥር ይሆናል። የድሮ ፎርሞች ዳራ ብዙ ጊዜ -2147483633 የሚል ቁጥር አለው፤ የዊንዶውስ የበተን ግራጫ ማለት ነው። ነጭ አድርጉት። ዳራው ላይ የደመና ወይም የድንጋይ ሥዕል ካለ (አክሰስ 97 በራሱ የሚያቀርባቸው ነበሩ፤ ያኔ ደስ ይሉን ነበር) አንሱት። የመጻፊያ ሳጥኖቹ ወደ ውስጥ የሰመጡ ከሆኑ «ስፔሻል ኢፌክት» ላይ «ፍላት» በሏቸው።

የአማርኛው ጉዳይ

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ እኛን ደግሞ በብዛት የሚያስቸግረን ይሄ ነው።

አክሰስ 97 ዩኒኮድን (የዓለምን ፊደሎች በአንድ ወጥ ኮድ የሚይዘውን ሥርዓት) አያውቅም ነበር። ዩኒኮድ የመጣው በአክሰስ 2000 ነው። ከዚያ በኋላም ብዙዎቻችን በለመድነው ፎንት መጻፋችንን ቀጠልን። ቪዥዋል ግዕዝን ታስታውሳላችሁ። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። እናንተ በተኑን ልታሳምሩ ፎንቱን ስትቀይሩ «መዝግብ» የነበረው ትርጉም የለሽ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቫይረስ አይደለም። የበተኑን ጽሑፍ «ካፕሽን» ላይ በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት። በተን ጥቂት ስለሆነ በግማሽ ቀን ያልቃል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህን የምታደርጉት በተን ላይ ብቻ ነው። የመጻፊያ ሳጥኖቹ የሚያሳዩት ዳታ ሰንጠረዡ ውስጥ በዚያው በድሮው ፎንት የተጻፈ ከሆነ የሳጥኑን ፎንት አትንኩ። «ሁሉንም አንድ ፎንት ላድርግ» ብላችሁ ሁሉን መርጣችሁ ከቀየራችሁ የዕቃ ስም የሚባል ነገር ከፎርሙ ላይ ይጠፋል። ዳታውን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው።

ፎንት ምረጡ ካላችሁኝ ኤብሪማ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፊደል ይዟል፤ ደማቁም ተራውም አብሮ ይመጣል። ኒያላም ጥሩ ነበር፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ፎንት ተብሎ ለብቻው የሚጫን ሆነ። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ኖሮ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል። መጠኑ 11 ይሁን። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ በ8 የተጻፈ «ጭ» እና «ጬ» የሚለየው አጉሊ መነጽር ያለው ብቻ ነው።

ጽሑፉ ከበተኑ ስፋት ካለፈ አክሰስ ወደ ሁለተኛ መስመር ያወርደዋል፤ ቁመቱ ካልበቃ ደግሞ ይቆረጣል። «የንብረት ገቢ መመዝገቢያ ቅጽ ክፈት» ብሎ በተን ላይ መጻፍ ደብዳቤ መጻፍ ነው። «ሞዴል 19» ይበቃል። የሚሠራበት ሰው ያውቀዋል።

ከሁሉ የከፋው «ሰርዝ» ነው። አንዱ ፎርም ላይ «የጀመርኩትን ተወው» ማለት ነው፤ ሌላው ላይ «መዝገቡን አጥፋው»። አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሁለቱንም ያየሁበት ጊዜ አለ፤ አንዱ በተን ከሌላው በሁለት ጣት ርቀት። እድሳቱ ላይ ሳላችሁ ለዩዋቸው። ለመተው «ተወው»፣ ለማጥፋት «መዝገቡን አጥፋ»። «ሰርዝ» የሚለውን ቃል እኔ ከበተን ላይ ጨርሶ አውጥቼዋለሁ።

አቋራጭ ፊደሉም አለ። የድሮው ካፕሽን ውስጥ & ምልክት ካያችሁ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፊደል ከአልት ጋር ሲጫኑት በተኑን ይሠራል ማለት ነው። ካፕሽኑን ወደ አማርኛ ስትቀይሩ ያ ፊደል ይጠፋል፤ ጣቱ የለመደ ሰው ደግሞ ይናደዳል። አማርኛውን ጻፉና መጨረሻ ላይ በቅንፍ & እና የድሮውን የላቲን ፊደል አስከትሉ። ፊደሉ ከሥሩ ተሰምሮበት ይታያል፤ አቋራጩም እንደ ድሮው ይሠራል።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ። አንዳንድ በተኖች ጽሑፋቸውን የሚቀይረው ኮድ ነው፤ ለምሳሌ «ክፈት» የነበረው ሲጫኑት «ዝጋ» ይሆናል። የቪቢኤ (የአክሰስ የኮድ ቋንቋ) መጻፊያው ዩኒኮድ አይችልም። ኮዱ ውስጥ አማርኛ ስትለጥፉ ረድፍ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። መፍትሔው ጽሑፎቹን አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ ማስቀመጥና ኮዱ ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ሰንጠረዡ አማርኛውን ያለ ችግር ይይዛል።

አይከን ከፈለጋችሁ

መጀመሪያ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ከረንት ዳታቤዝ» ውስጥ ግቡ። ሥዕል እንዴት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ «ፕሪዘርቭ ሶርስ ኢሜጅ ፎርማት» የሚለውን ምረጡ። ከድሮ የመጣ ፋይል ሥዕሉን ሁሉ ወደ ቢትማፕ ይቀይር ነበር። ያኔ ፋይሉ ያብጣል፤ ዳራ የሌለው ፒኤንጂ ሥዕልም ዙሪያው ይበላሻል።

ከዚያ «ፒክቸር» ላይ ሥዕሉን አስገቡ፤ «ፒክቸር ካፕሽን አሬንጅመንት» ላይ ሥዕሉ ከጽሑፉ በስተግራ እንዲቀመጥ አድርጉ። ይህችን ካልነካችሁ ሥዕሉ ይመጣል፣ ጽሑፉ ይጠፋል። 16 በ16 ወይም 24 በ24 ፒክስል ይበቃል። ያው አይከን ብዙ ፎርም ላይ ካለ «ፒክቸር ታይፕ»ን «ሼርድ» አድርጉት፤ አንዴ ተቀምጦ ሁሉም ቦታ ያገለግላል።

ጽሑፍ የሌለው፣ አይከን ብቻ ያለበት በተን አልወድም። የፍሎፒ ሥዕል ማስቀመጥ ማለት መሆኑን ፍሎፒ አይቶ የማያውቅ ጸሐፊ በምን ይወቀው? ግድ ከሆነ «ኮንትሮል ቲፕ ቴክስት» ላይ በአማርኛ ጻፉለት።

እግረ መንገዴን፣ ሌብልን (ፎርም ላይ የሚለጠፍ ተራ ጽሑፍ) እንደ በተን ማስመሰል የሚመክሯችሁ አሉ። ቀለም ቀባ፣ ሲጫኑት ኮድ አያይዝ፣ አለቀ። ያምራል። ግን ሌብል ላይ ከርሰር አያርፍም። ታብ ዘልሎት ያልፋል። ሰውዬው ብዛት ላይ 25 ጽፎ ወዲያው «መዝግብ» ሌብልን ሲጫን ከርሰሩ ገና ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ 25ቱ ገና ወደ መዝገቡ አልገባም። ኮዱ የድሮውን ቁጥር ያነባል። ለንብረት ክፍል ይህ ቀልድ አይደለም።

ለቀሩት ፎርሞች ማዳረስ

አንዱን ፎርም ከጨረሳችሁ ለሌሎቹ መድገም አሰልቺ ነው። ፎርሞቹ አምስት ስድስት ከሆኑ «ፎርማት ፔይንተር» ይበቃል፤ ሁለቴ ተጫኑትና በተኖቹን እየነካካችሁ ሂዱ፣ ስትጨርሱ ኤስኬፕ። ከዚያ የሆቨሩ ቀለም አብሮ መምጣቱን አንድ ሁለቱ ላይ አረጋግጡ።

ሃምሳ ፎርም ካለ ቪቢኤ የሚችል ሰው በአንድ ገጽ ኮድ ይጨርሰዋል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ እያንዳንዱን ፎርም ደብቆ በዲዛይን ይከፍታል፤ ውስጡ ካሉት ነገሮች ዓይነታቸው 104 የሆኑትን፣ በተን ማለት ነው፣ ይለያል፤ «ዩዝ ቲም»ንና ቀለሞቹን ይሞላል፤ አስቀምጦ ይዘጋል። ካፕሽንን እንዳይነካ። ቦታንም እንዳይነካ። «አጥፋ»ዎቹን ደግሞ በእጅ ቀቧቸው፤ ኮድ የትኛው አደገኛ እንደሆነ አያውቅም።

ከአሁን በኋላ ለሚሳሉ በተኖች አንዱን ያማረ በተን ምረጡና ኮንትሮሎቹ ከተደረደሩበት ዝርዝር ሥር «ሴት ኮንትሮል ዲፎልትስ» በሉ። ያ ለዚያ ፎርም ብቻ ነው። ለአዳዲስ ፎርሞች ሁሉ እንዲሆን ከፈለጋችሁ እንዲህ የተስተካከለ ባዶ ፎርም ሥሩና ስሙን በላቲን ፊደል «ኖርማል» በሉት። አክሰስ አዲስ ፎርም ሲሠራ እሱን እንደ ናሙና ይወስዳል።

ከማሰራጨታችሁ በፊት

ፎርሙን ከፍታችሁ ማውሱን ትታችሁ በታብ ብቻ ሂዱበት። ኢንተር ሲጫኑ የትኛው በተን እንደሚሠራ እዩ፤ «ዲፎልት» የሚለው «አጥፋ» ላይ «የስ» ሆኖ ካገኛችሁት አሁኑኑ አንሱት። የስክሪኑ መጠን 125% በተደረገበት ኮምፒውተር ላይም ክፈቱት፤ ጽሑፍ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ዳታቤዙን «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» አድርጉ። ቆልፋችሁ ኤሲሲዲኢ የምታደርጉት ከሆነ ባለ 64 ቢት አክሰስ ላይ የተቆለፈው ባለ 32 ቢቱ ላይ እንደማይከፈት አስታውሱ። ያልተቆለፈውን ፋይል ደግሞ ቀጣዩ ሰው እንደ እኔ እንዳይንከራተት የሚታወቅ ቦታ አስቀምጡት።

ከዚያ ዳታቤዙን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበትን ሰው ጥሩና በሙከራ ኮፒው ላይ ያሠሩት። አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ አታስረዱ። እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ ጋሼን አስቀመጥኳቸው። ሁሉም በተን ወደ ድሮ ቦታው ተመልሶ ነበር። ሞዴል 19 አንድ መዘገቡ፣ ሞዴል 22 አንድ አወጡ፣ አተሙ። መነጽራቸውን አውልቀው «ፊደሉ ጥሩ ነው። ይቺ ‹አትም› የምትለዋ ግን ከጀርባዋ ጋር ተመሳሰለችብኝ» አሉ። አየሁት፤ እውነታቸውን ነው፣ እሷን ብቻ ጽሑፏን #999999 አድርጌያት ነበር። ወደ #333333 መለስኳትና ፋይሉን ለየኮምፒውተሩ ጫንኩ።